የተሰነጠቀው ሮተር

በ1964 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ በሙቀት በምትቃጠልበት ወር፣ ባሮ ወንዝ ዳር የነበረው የአንድ ክሊኒክ የውሃ ፓምፕ ቆመ። ጀነሬተሩ ይሠራል፤ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተር ግን ማብሪያው ሲጫን እያጓራ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሣም። ክሊኒኩ ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ተኝተዋል። እናቶቻቸው ከወንዙ በባልዲ መቅዳት ጀመሩ። በሁለተኛው ቀን አንዷ ከአዞ አፍ ለጥቂት አመለጠች።

ከገበያው ፈረጅ የሚባል መካኒክ ተጠራ። ከጅማ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከፓምፑ ጠባቂ ከኦሞት ጋር ሞተሩን ፈቱና በመሃል የሚሽከረከረውን ክፍል፣ ሮተሩን፣ ስበው አወጡት። በብረቱ ዙሪያ የተጋደሙትን የመዳብ ዘንጎች ግራና ቀኝ አንድ አንድ የመዳብ ቀለበት ያያይዛቸዋል። በአንደኛው በኩል የሦስት ዘንጎች ብየዳ ተሰንጥቆ፣ ዘንጎቹ ከቀለበቱ ተላቅቀዋል።

"ይበየዳል?" አለ ኦሞት።

ፈረጅ የተሰነጠቀውን ብየዳ በጣቱ ዳሰሰ። ጅማ ሳለ እንዲህ ያለውን በይዶ ነበር፤ ቸኩሎ፣ መዳቡ ላይ ያለውን ዘይት በደንብ ሳያጥብ። ሞተሩ ሲፈጥን ዘንጉ ተገነጠለና ስባሪው በክዳኑ ክፍተት ተወንጭፎ ወጣ። የሥራ ጓደኛው ጀማል አንድ ዓይኑን አጣ። ፈረጅ ለሁሉም የተናገረው "ሞተሩ አርጅቶ ነው" ብሎ ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ በሽተኞቹን የሚያክመው አቶ አለማየሁ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። "ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ልጆቹ እያለቁብኝ ነው!"

ፈረጅ በየደ፤ ገጠመ፤ አበራ። ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃው ወደ ታንከሩ ተንደረደረ፣ እናቶቹ እልል አሉ። ፈረጅ ግን አንድ ድምፅ ሰማ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ማብሪያውን ተጭኖ ሞተሩን አጠፋው።

"ምን ሆነሃል? ታንከሩ ግማሽ እንኳ አልሞላም! አብራው!" ብሎ ጮኸ አለማየሁ።

"አላበራም፣ ጌታዬ። አንድ ዘንግ ለቋል።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም። ፈርተህ ነው።"

"አዎ፣ ፈርቻለሁ። ጅማ ላይ የሰው ዓይን አጥፍቻለሁ።" ይህን አፉን ሞልቶ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ኦሞት በቀስታ፣ "እኔም ሰማሁ። ድሮ እንዲህ አይልም" አለ።

ሲከፍቱት አንዱ ዘንግ ጫፉ ቀና ብሎ፣ በዙሪያው ያለውን የሽቦ ጥቅል መፋቅ ጀምሯል። ጥቂት ደቂቃ ቢሠራ ኖሮ ሞተሩ ተቃጥሎ ለዘለዓለም በተበላሸ ነበር። ፈረጅ ሁሉንም በቤንዚን አጠበ፤ በዚህ ጊዜ ቀለበቱን በሙሉ እስኪቀላ አግሎ፣ ብየዳው እንደ ውሃ ወደ ስንጥቁ እስኪገባ ታገሠ። ሥራው እስከ ማግስቱ ቀትር ወሰደ። ሥራው ሳያልቅ፣ ጠዋት ላይ አንድ ሕፃን ሞተ። በውሃው እጦት ይሁን በበሽታው፣ ማንም አላወቀም፤ ማንም ፈረጅን አልወቀሰም። እሱ ግን የእናትየዋን ለቅሶ እየሰማ ነው ብሎኖቹን ያጠበቀው።

"ሁላችሁም ውጡ" አለ፣ በሩንም ዘጋ። ብቻውን አበራው። ሞተሩ ፈጠነ፤ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ማብሪያው ላይ እጁን ጭኖ ቆመ። ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ኦሞት ገባና የፈረጅን ጣቶች ከማብሪያው ላይ አንድ በአንድ አላቀቀለት።