የግማሽ ቀን አባት

የምሠራበት ድርጅት ማስታወቂያ «የግማሽ ቀን የጫካ ጉዞ፤ ፍል ውኃና የተፈጥሮ ኩሬዎች» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፎቶ አለ፤ ትልቅ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዤ ድዴ እስኪታይ እስቃለሁ። አለቃችን ያን ቀን «ጥርስህን አሳይ እንጂ፣ ሰው ዛፍ ለማየት ብቻ አይመጣም» እያለ ፀሐይ ላይ ሲያንገላታኝ ነው የዋለው። ሳቁ ከአንገት በላይ መሆኑን ያወቀብኝ የለም። ካናቴራዬ ጀርባ ላይ የታተመውም ስሜ አይደለም፤ «ሸንበቆ» ነው የሚለው። ቁመቴ ረዘም ሥጋዬ ሳሳ ስላለ ሾፌራችን በቀልድ ያወጣልኝ ነው፤ አለቃችን እንግዶች ይወዱታል ብሎ አሳተመው።

የልጄ እናት ስትደውልልኝ የእንግዶቹን የጎማ ቦቲ እያጠብኩ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም፤ ግን «ሄሎ» ስትል አወቅኳት።

ያኔ አብረን ስንኖር እኔ እንጨት ለሚቆርጥ ድርጅት መንገድ አሳይ ነበርኩ። ወሩን ጫካ ከርሜ ደሞዜን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። አንድ ጊዜ ስመለስ በሩ ተቆልፎ አገኘሁት፤ ቁልፉን አከራያችን አቀበለችኝ። «እናትና ልጅ ሄደዋል። ደህና ሁን ብላሃለች» አለችኝ። ልጄ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። የእናቷ ወንድም ዘንድ ሄጄ ብለምን ብለማመጥ «ተዋት፣ ደህና ሰው አግኝታለች፣ ልጅቷም ደህና ናት» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። «ደህና» የሚለውን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ።

«ልንሄድ ነው» አለችኝ በስልክ።

«ወዴት?»

«ውጭ። ለሁልጊዜ። ከመሄዳችን በፊት እንድታያት ብዬ ነው። እንደ ማንም እንግዳ ሆነን እንመጣለን።»

«ስለ እኔ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ምንም። ሕፃን ሆና እሱን አባዬ ብላ ጠራችው፣ ማንም አላረማትም። አሁን በምን አፌ ልንገራት?»

«ዝም ባልሽበት አፍሽ ነዋ።»

 ከዚያ ውሏን ዘረዘረችልኝ። «ራሷ ካወቀችህ አልክድም። እዚያው ፊትህ እነግራታለሁ። አንተ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ከተነፈስክ ይዣት እመለሳለሁ።» ልጅ በሦስት ዓመቷ ያየችውን ፊት በአሥር ዓመቷ ታስታውስ እንደሆን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እሺ አልኩ።

የሚመጡበት ቀን ጠዋት ጢሜን ተላጨሁ፤ አብረን ስንኖር ጢም አልነበረኝም። ሾፌሩ ሲያየኝ «ምነው ሸንበቆ፣ ሽማግሌ ልትልክ ነው?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

ከቢሯችን በር ላይ የሚጠብቁን እንግዶች ጥቂት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ፎቶ ሲነሳሱ ጫካውን የሚረሱ ሁለት ሙሽሮች፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ እነሱ ሦስቱ። ባልየው የጥርስ ሐኪም ነው። ማን መሆኔን ያውቃል፤ በሁለት እጁ ጨብጦኝ «ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ» አለኝ፤ ዓይኑንም ከዓይኔ አልሸሸም። ጥሩ ሰው ነው፤ ያናደደኝም ይሄው ነው። ክፉ ቢሆን ቢያንስ እሱን ጠልቼ ይወጣልኝ ነበር።

ልጅቷ ከኋላው ብቅ አለች። ጥርሷ በሽቦ ታስሯል። ጆሮዋ ግን የእኔ ነው፤ ከጭንቅላቷ ገንጠል ብሎ የቆመ፣ ንፋስ የሚጠራ ጆሮ። ሐኪሙ ጥርሷን አቃንቷል፤ ጆሮዋ ላይ ግን ሥልጣን የለውም።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

አደሩ። በሥርዓት አሳድገዋታል፤ ለማያውቁት ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው። «እግዜር ይመስገን፣ ነይ ቦቲ ልምረጥልሽ» አልኳት።

ለእንግዳ ሁሉ የጎማ ቦቲ የማለብስ እኔ ነኝ። ተንበርክኬ እግሯን መዳፌ ላይ አሳረፍኩት። ድሮ መዳፌ ላይ ሙሉውን ይገባ የነበረ እግር አሁን ከጣቶቼ አልፏል። ካልሲዋን አስተካከልኩ፤ አንዴ አስተካክዬ ስጨርስ ደግሜ አስተካከልኩት። «ራሷ ታደርጋለች» አለች እናቷ ከላዬ ቆማ፤ ተነሳሁ።

መኪናችን ጫካው ዳር አውርዶን ወደ ውስጥ ስንገባ የዘወትር ወሬዬን ጀመርኩ። ይሄን ቅጠል አትንኩ ያሳክካል፣ ይሄ ሐረግ ውኃ ያቁራል፣ እዚህ ጋ ያንሸራትታል። ሙሽሮቹ አይሰሙም፤ አሮጊቷ በጃንጥላቸው ቅርንጫፍ እየገፉ «ልጄ፣ ዳገት እንዳለው ለምን በማስታወቂያው ላይ አትጽፉም?» ይሉኛል። ልጅቷ ግን ከእግሬ ሥር አልጠፋችም። ሐረጉን ቆርጬ ስሰጣት ውኃውን መጠጠችና ፊቷን አጨማደደች። አሁንም አሁንም ቀና እያለች ታየኛለች። ባየችኝ ቁጥር ፊቴን ወደ እሷ አዞራለሁ።

ተንጠልጣዩን ድልድይ ስንሻገር «ጋሼ» አለችኝ፣ «እርስዎን የሆነ ቦታ አውቅዎታለሁ።»

እናቷ ከኋላችን ገመዱን ጨብጣ ቆመች። ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ውል ውል ነው፤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ተብያለሁ።

ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። «አወቅኩ፤ ማስታወቂያው ላይ! ቅጠል ይዘው የሚስቁት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። እናቷ የያዘችውን ትንፋሽ ስትለቀው ሰማሁት። ያን ጊዜ ያን ቅጠል ያስያዘኝን አለቃ ባገኘው ከድልድዩ በወረወርኩት ነበር።

ፍል ውኃው ዘንድ ስንደርስ ሁሉም እንፋሎቱን እያዩ ተደሰቱ። መጀመሪያ በክርን ነው የሚሞከረው፤ እጅ ይዋሻል፣ ክርን አይዋሽም። ክርናቸውን አስነከርኳቸው፣ ብዙ እንዳይቆዩበት ነገርኳቸው፣ አንድ በአንድ ገቡ። ልጅቷ ሐኪሙ አጠገብ ተቀመጠች። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ገለል አደረገላት፤ እሷም ጭንቅላቷን ክንዱ ላይ ጣል አደረገች። እኔ ፎጣ ይዤ ድንጋይ ላይ ቆሜያለሁ። ፎጣ መያዝም ሥራዬ ነው።

አሮጊቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እንዴት ያለ አባት ነው እባክህ» አሉኝ። «ልጅቷም ቁርጥ እሱን።»

«ጆሮዋንስ አይተውታል?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። «እሱስ ከየት እንደመጣ እንጃ» አሉ።

ከፍል ውኃው ዝቅ ብሎ ኩሬዎቹ አሉ። ትኩሱ ውኃ ከቀዝቃዛው ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ስለሆነ ለብ ይላል፤ ጥልቀቱም እስከ ወገብ ነው። እንውረድ ስል ሐኪሙ አልተነሳም። «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ወገቤን ላሙቀው» አለ። ወገቡን እንዳላመመው አውቃለሁ፤ ዳገቱን ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። ቦታ ለቀቀልኝ። ምስጋና ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ይባስ ተናደድኩ። ሙሽሮቹም አሮጊቷም ሙቀቱ ተመቻቸውና ቀሩ። እኔ፣ እሷና እናቷ ብቻ ወረድን።

አሁን ተስፋዬን ልናገር። ፊቴን ታስታውሳለች ብዬ ብቻ አልነበረም የመጣሁት። ኩሬዎቹ ዳር ቅጠል ሥር ትናንሽ የውኃ እባቦች አሉ፤ አይናደፉም፣ ግን ሰው ያስደነግጣሉ። ስለዚህ ማንም ከመግባቱ በፊት ውኃውን በመዳፌ ጠፍ ጠፍ አደርገዋለሁ፤ ይሸሻሉ። ስመታው እንግዳ ደጅ ላይ እንደሚጣራው «ቤቶች» እላለሁ፤ እንግዶቼ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ደጆች» ብለው ይመልሳሉ፣ ይስቃሉ። አለቃችን በጣም ይወደዋል። ይህን ግን ለእንግዳ ብዬ አልፈጠርኩትም። ልጄ ውኃ ትፈራ ነበር። ሳፋ ውስጥ ላስቀምጣት ስል አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። አንድ ቀን የሳፋውን ውኃ በመዳፌ መትቼ «ቤቶች» አልኩ፤ ከዚያ ራሴው ወፍራም ድምፅ አውጥቼ ከታች እንደመጣ አድርጌ «ደጆች» ብዬ መለስኩ። ልቅሶዋን አቋርጣ ውኃውን አየችው። «ግቢ እያለሽ ነው» አልኳት፤ ገባች። ከዚያ በኋላ ራሷ ሳትመታና ሳትጣራ፣ እኔም ሳልመልስላት አትገባም ነበር። እናቷ ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆማ ትስቅብን ነበር።

ከስልኩ ቀን ጀምሮ ያሰብኩት ይህን ነው። ለእንግዳ ሁሉ የምለውን ነው የምለው፤ እናቷ ውል አፈረስክ ልትለኝ አትችልም። ልጅቷ ትሰማለች፣ የሆነ ነገር ትዝ ይላታል፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ይኸው ነበር ዕቅዴ።

አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ አለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ውኃውን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ ቀስ ብላ «ቤቶች» አለች።

አጠገቤ ያለውን ዛፍ ያዝኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ኖሯል። ፊቴ ጠፍቶ፣ ስሜ ጠፍቶ፣ ይሄ አልጠፋም። እናቷን አየኋት፤ እሷም እኔን እያየችኝ ነበር።

ልጅቷ መልስ ጠበቀች። መልስ ሲጠፋ ሐኪሙ ወዳለበት ወደ ፍል ውኃው ቀና ብላ ተመለከተች፤ ከዚያ ደግማ መታችው። «ቤቶች።»

«ደጆች» አልኩ። ለእንግዶች በምለው ድምፅ ሳይሆን በድሮው፣ በሳፋው ድምፅ።

ዞር አለች። እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ትኩር ብላ አየችኝ። አፏ ተከፈተ፣ የጥርሷ ሽቦ ብልጭ አለ። መጣች አልኩ በልቤ። ልጄ መጣች።

«እንዴ፣ ጋሼ» አለች፣ «እርስዎንም አባዬ ነው ያስተማረዎት?»

እጄን ከዛፉ ላይ አነሳሁ።

«እኔን ትንሽ ሆኜ ውኃ ስፈራ ነው ያስተማረኝ» አለች ደስ ብሏት። «ድምፁን ግን እርስዎ ይበልጡታል። የሱ ሳል ነው የሚመስለው።»

እናቷን አየሁ። የፎጣውን ጠርዝ እየቆነጠረች መሬት መሬቱን ታያለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። አንዲት ቃል ይበቃት ነበር፤ አይደለም፣ አባዬ አይደለም ያስተማረሽ ብትል ይበቃ ነበር። ራሷ ካወቀችህ ነበር ያለችው፤ ራሷ አላወቀችኝም። እስከዛሬ ካደረገችኝ ሁሉ ያን ቀን ቃሏን መጠበቋን ያህል የጠላሁት ነገር የለም።

እኔስ? መናገር እችል ነበር። ከዚያ በላይ ምን ልታደርገኝ? ግማሹ ቀን አልቋል። ግን ልጅቷ ቁጢጥ እንዳለች መልሴን በፈገግታ ትጠብቃለች። አፌን ብከፍት ሳል የሚመስል ድምፅ ያለው አባቷን እነጥቃታለሁ፤ በምትኩ የምሰጣት ማስታወቂያ ላይ የሚስቅ ሰውዬ ነው። እሱንም ትታው ትሄዳለች።

«አዎ» አልኳት። «አባትሽ ነው ያስተማረኝ። ጠዋት መኪናው ውስጥ።»

«አውቄያለሁ» አለችና ወደ ውኃው ገባች።

ወደ ላይ ስንመለስ እየሮጠች ወደ ሐኪሙ ሄደች። «አባዬ፣ ቤቶችን ለጋሼ ሸንበቆ አስተማርካቸው አይደል? ከአንተ በልጠው ቁጭ አሉልህ።» ሐኪሙ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። ጨዋታው ከማን እንደመጣ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የሚናገር መሰለኝ፣ እንዲናገርም ፈለግኩ፣ እንዳይናገርም ፈለግኩ። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አደረገላትና «አዎ፣ አስተምሬዋለሁ» አለ። ሦስት አዋቂዎች አንዲት ልጅ ፊት ቆመን በአንድ አፍ ዋሸን።

ቢሮው በር ላይ ቦቲዋን አወለቅኩላት። በዚህ ጊዜ እናቷ ምንም አላለችኝም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ «አመሰግናለሁ ጋሼ ሸንበቆ፣ ደህና ይሁኑ» አለችኝ። ደህና ይሁኑ። የታክሲው መስኮት ተዘግቶ እስኪርቁ ቆሜ አየሁ፤ ሾፌራችን ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን ነበረኝ። ያው ቅጠል፣ ያው ሐረግ፣ ያው ድልድይ። ኩሬው ዘንድ ደረስንና ቁጢጥ ብዬ ውኃውን በመዳፌ መታሁት፤ እባቦቹ ሸሹ። ከዚህ በፊት የመጣ አንድ ወጣት ጓደኞቹን «አሁን ቤቶች ይላል፣ እኛ ደጆች እንላለን» ብሎ አዘጋጃቸው፤ ሁሉም አፌን አፌን እያዩ ጠበቁ።

«ማንም የለም» አልኳቸው። «ዝም ብላችሁ ግቡ።»