ከኒካሁ በኋላ የሚነገር መርዶ

ሙሀመድሁሴን በሬን ሲያንኳኳ ፊቱን አይቼ ሰው መሞቱን አወቅሁ። የጓደኛዬ የላጢፋ የበኩር ልጅ ነው፤ እናቱ እሱን ስታምጥ ወገቧን የደገፍኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ አቻምየለሽ፣ አጎቴ ዑበይድ ኮምቦልቻ ላይ ሞተ። ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ። «ቀስ ይበሉ፤ እማዬ አልሰማችም። እንዳይነግሯት አደራ።»

«ወንድሟ ተቀብሮ እሷ አልሰማችም?»

«ስኳሯ ከፍ ብሏል። ደግሞ ቅዳሜ የልጄ የነጅላ ኒካህ ነው፤ አዳራሽ ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል። ይለፍና ሽማግሌ ይዘን እናረዳታለን።»

ደሜ ፈላ። ስኳር ይለኛል እንዴ? ስኳሩ ሰበብ ነው፣ ነገሩ አዳራሹ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዑበይድ ለላጢፋ ወንድም ብቻ አይደለም። እናታቸው ስትሞት ከወሎ አምጥታ፣ እዚህ አቃቂ ክር ፋብሪካ እየሠራች ያሳደገችው ልጇ ነው። እሷ የማታ ፈረቃ ስትገባ እኔ ጋ ያድር ነበር፤ እኔና እሷ ጡረታ እስክንወጣ ጎን ለጎን ነው የኖርነው። ታዲያ እሱን አፈር አልብሰው ሲመለሱ እሷን የሠርግ ቀሚስ ሊያስለኳት ነው። እኛ ካረጀን ወዲህ ሰው አይደለንም። ቤት ሲሸጥ አይነገረንም፣ ልጅ ሲታመም አይነገረንም፤ «እንዳትጨነቁ ብለን ነው» ይሉናል። የደከመው ጉልበታችን ነው እንጂ ሐዘን መሸከም መች አቃተን? ስንቱን ቀብረን ነው እዚህ የደረስነው።

«ይሄን አደራ አልቀበልም» አልኩት።

«እንግዲህ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት» ብሎኝ ወጣ።

ይህቺ ቃል ስትበላኝ አደረች። ብነግራትና እውነት ብትሞትብኝስ? ባልነግራትና በኋላ ዓይን ዓይኔን ብታየኝስ?

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቱሉ ዲምቱ፣ ላጢፋ ወደምትኖርበት ወደ ሙሀመድሁሴን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ላጢፋ ስልኳን እያገላበጠች አገኘኋት።

«አቻሜ፣ ዑበይድ አያነሳም። እነዚህ ኔትወርክ ነው ይሉኛል። አንቺ የሰማሽው ነገር አለ?»

ምራቷ ከኩሽና ብቅ ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ላጢፋን «ተነሺ፣ እኔ ቤት ትሰነብቻለሽ» አልኳት፤ ምራቷን ደግሞ «ለኒካሁ እመልሳታለሁ» አልኳትና መድኃኒቷን አንጠልጥዬ ይዣት ወጣሁ።

ቤቴ ገብተን በሩን ቀረቀርኩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «ላጢፋ፣ ዑበይድ ሞቷል። ተቀብሯል። ልጆችሽ ሠርጉ እስኪያልፍ ደብቀውሻል።»

«ኢና ሊላሂ» አለች። እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ ያዘችኝ። እኔ ፊት ፊቷን እያየሁ ልትወድቅ ነው፣ አሁን ልትሞትብኝ ነው እላለሁ። አልሞተችም። አለቀሰች።

ሦስት ቀን አለቀስን። መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፤ ስትሰግድ ጎረቤት እንዳይገባባት በር ላይ እቆማለሁ፤ ስትጨርስ ገብቼ አብሬያት አለቅሳለሁ። እህት ለወንድሟ እንደ ሌባ ተደብቃ ታልቅስ? ለዚህ ነው ልጅ የሚወለደው? ንዴቴ ከእንባዬ ይበልጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፊቷን ታጥባ «በይ መልሺኝ፤ ኒካሁ ይለፍ» አለችኝ።

«አብደሻል? ሄደሽ አፍ አውጥተሽ ንገሪያቸው እንጂ።»

«ነጅላ ምን አጠፋች? እሷም አልሰማችም።»

«እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም።»

«ትችያለሽ። ንዴትሽ ሲመጣ ጉረሺ።»

ቅዳሜ ሂናዋን ተቀብታ፣ ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጣ እልል አለች። እኔ ለክርስቲያኖች በተዘጋጀው ማዕድ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ሙሀመድሁሴን መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «አላህ ይስጥልኝ እትዬ፣ ምሥጢራችንን ስለጠበቁልን» አለኝ። ጉርሻዬን ሳላላምጥ ዋጥኩት።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው ክፍሏ ገቡ። እኔንም ስትወድቅ ይደግፏት ብለው አምጥተውኛል። ሙሀመድሁሴን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማዬ፣ እንግዲህ አላህ የወደደው…»

እጇን አንስታ አስቆመችው። አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር።

«ተወው ልጄ። እኔ ወንድሜን ከአቻምየለሽ ጋር አልቅሼ ጨርሻለሁ። የቅዳሜው እልልታ ለነጅላ ያደረግኩት ነው፤ ለእናንተ አልነበረም። አሁን እናንተ አልቅሱለት።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሙሀመድሁሴን እግሯ ሥር ተቀመጠ፤ ለሠርጉ ሲሯሯጥ ለአጎቱ አንዴም ሳያለቅስ ኖሯል፣ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እኔ አላባበልኩትም።