እንቁላል ያልፈሰሰበት ፓስተሎን

ኔሬይዳ ኦቭኑን ልታሞቅ ስትከፍተው፣ ውስጡ የታጨቁት ድስቶችና መጥበሻዎች አፈጠጡባት። በእሷ አገር ኦቭኗን የድስት ቁም ሣጥን ያላደረገች ሴት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ኔሬይዳም ልማዱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። አንድ በአንድ እያወጣች ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። ስታጎነብስ ወገቧ ተንቋቋ። እዚያው ድስቶቹ መሀል ቁጭ ብላ ትንሽ ብታሸልብ ደስ ባላት ነበር፤ ግን አንዴ ከተቀመጠች እንደማትነሣ ታውቃለች።

እሁድ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሱልማና አዊልዳ ከቅዳሴ ወጥተው ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሦስቱ ጓያኒያ ከተማ ዳር በነበረው የጡት መያዣ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፍተዋል። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆየ፤ እነሱ ግን ልደት ሲሆን፣ በዓል ሲሆን ይሰበሰባሉ፣ ኔሬይዳም ፓስተሎን፣ የሙዝና የሥጋ ድርብርብ፣ ትሠራለች። ዛሬ ግን በዓልም ልደትም አይደለም። «ሙዝ በስሎብኛል፣ ሳይበላሽ ኑ» ብላ ነው የጠራቻቸው። እውነቱ ሌላ ነው።

እውነቱ ግራ ጡቷ ሥር ያለች ሽምብራ የምታክል እብጠት ናት። ሐኪሟ ፖንሴ ከተማ ሄዳ ናሙና እንድትሰጥ ወረቀት ጽፎላታል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዛ ሁለቱንም ቀርታለች፤ አንዴ እናቷን ልትጠብቅላት የነበረችው ጎረቤት ራሷ ታመመች፣ አንዴ ደግሞ በዋዜማው እናቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ከሐኪም ቤቱ በስልክ ያነጋገረቻት ልጅ በትሕትና፣ «ሴኞራ፣ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ካልመጡ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከአራት ወር በኋላ ነው» ብላታለች። ለሐሙስ አራት ቀን ቀርቷል። ከሁለቱ ጓደኞቿ አንዷ ግማሽ ቀን ከእናቷ ጋር ብትውልላት ነገሩ አለቀ። «ሐሙስ ጠዋት ማሚን ጠብቂልኝ።» አራት ቃል። ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን ስታጥብም አንሶላ ስትቀይርም ስትለማመዳት ሰንብታለች።

ማን ከለከላት ታዲያ? ማንም። አምና ሱልማ ራሷ መጥታ፣ «በሳምንት አንድ ቀን እኔ እዚህ ልዋል፤ አንቺ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ ተኚ፣ ያሻሽን አድርጊ» ስትላት፣ «እኛ ደህና ነን፣ ምን ጎደለን?» ብላ የመለሰቻት ኔሬይዳ ናት። አዊልዳም ጠይቃት ነበር፤ ለእሷም ያችኑ መልስ ሰጠቻት። ሱልማ ሁለት ወር አኮረፈች። ከታረቁ ወዲህ ያን ወሬ አንሥታው አታውቅም፣ አዊልዳም እንደዚያው። እንግዲህ አሁን መጠየቅ ያለባት ራሷ ኔሬይዳ ናት፤ ለእሷ ደግሞ መጠየቅ ጥርስ ከማስነቀል ይከብዳታል። ኩራት ብቻ አይደለም፤ ኩራትም ነው።

ሙዞቹ ለጥብስ የሚሆኑት ትልልቆቹ ናቸው፤ ቆዳቸው ድብን ብሎ ጠቁሯል። ልጣቸውን ገፍፋ በቁመታቸው ሰነጠቀቻቸውና ዘይቱ ውስጥ ጨመረቻቸው። ጣፋጩ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከማቀዝቀዣው የአይስክሬም ዕቃ አወጣች፤ ውስጡ ግን አይስክሬም የለም፣ የተፈጨ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ነው። እሱን በማንኪያ ቆርሳ ድስቱ ውስጥ አቁላላች፣ የተፈጨውን ሥጋ ጨመረች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ የወይራ ፍሬውን ጨመረች።

የዘቢቡ ነገር ደግሞ አለ። ሱልማ ዘቢብ የሌለበት ፓስተሎን አፏ አታስገባም፤ አዊልዳ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ዘቢብ ማየት እንደ ዝንብ ያስጸይፋታል። ከሃያ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀውበት ያልፈቱት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ኔሬይዳ ሥጋውን ለሁለት ትከፍለውና ዘቢብ ያለበት ወገን ላይ የጥርስ እንጨት ትሰካለች። ለሌላው ሰው ሁሉ እንዲህ ማሰብ ታውቅበታለች።

እንቁላሉ ቀረ። ፓስተሎንን ፓስተሎን የሚያደርገው እሱ ነው፤ ግማሹ ሥር ይፈስሳል፣ ግማሹ ላይ፣ ከዚያ ሙዙንና ሥጋውን አያይዞ ያቆማቸዋል። ስድስት እንቁላል ሰማያዊው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሰብራ መምታት ጀመረች።

«ኔሬ!»

«መጣሁ፣ ማሚ!»

«ኔሬ! ኔሬ!»

ሹካውንም ሳህኑንም እንደያዘች ሄደች። እናቷ ዶኛ ፕሮቪ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል።

«አንቺ ማነሽ?» አለቻት። «ኔሬን ነው የጠራሁት።»

«እየመጣች ነው፣ ማሚ።»

«ሁልጊዜ እየመጣች ነው! እዚህ ቤት የምትመጣው መቼ ነው?»

አንሶላው ርሶ ነበር። ኔሬይዳ አነሣቻት፣ አጠበቻት፣ ቀሚስ ቀየረችላት፣ አንሶላውን ገፍፋ ሌላ አነጠፈች። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ስትጨርስ ልጅ ሆና እንደለመደችው፣ «ባርኪኝ፣ ማሚ» አለቻት። አሮጊቷም ሳታስብ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ «እግዜር ይባርክሽ፣ ልጄ» አለች። ስሟን ትረሳለች፣ መልኳን ትረሳለች፣ ይህችን ግን አትረሳም። ኔሬይዳ ቀኑን የምትገፋው በዚህች መልስ ነው።

ወደ ማድ ቤት ተመልሳ እጇን ታጠበች። ሰዓቱ ሮጧል። ትሪው ላይ አንድ ረድፍ ሙዝ፣ አንድ ረድፍ ሥጋ፣ አይብ፣ እንደገና ሙዝ፣ እንደገና ሥጋ፣ ከላይ ሙዝና አይብ አድርጋ፣ የጥርስ እንጨቷን ሰክታ ኦቭን ውስጥ ከተተችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ ቆማ ሳለች ተከደነ። ሐሙስ ጠዋት ማሚን ጠብቂልኝ። ሐሙስ ጠዋት ማሚን።

የሱልማ ድምፅ ከሱልማ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«እዚህ ቤት ሰው አለ ወይስ ሽታ ብቻ ነው? አንቺ ሴት፣ መንገድ ላይ ውሾቹ ሁሉ ተከትለውን መጡ!»

«ግቡ፣ ግቡ። ድስቶቹን እንዳትረግጪ።»

«ድስቶቹማ ቦታቸውን ተቀሙ፣ ምስኪኖች» አለች ሱልማ። ሰፊ ሴት ናት፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ያቃስታል፣ እሷም አብራ ታቃስታለች። አዊልዳ ቀጭንና ዝምተኛ ናት፤ ዳቦዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ሁለቱም አስቀድመው ወደ ዶኛ ፕሮቪ በር ሄዱ።

«ይባርኩን፣ ዶኛ ፕሮቪ።»

«እግዜር ይባርካችሁ። የማን ልጆች ናችሁ?»

«የፋብሪካው!» አለች ሱልማ፤ አሮጊቷም እንደገባት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ሲሰበሰቡ ሱልማ ኔሬይዳን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ከስታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሱልማ ይህን ሳታይ አልቀረችም፤ ግን አምና የቀመሰችውን መልስ አልረሳችም፣ ስለዚህ ዙሪያውን ዞረች።

«እና እንዴት ናችሁ?»

ይኸው የመጠየቂያው በር ተከፈተ። አራቱ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ናቸው። ኔሬይዳ አፏን ከፈተች።

«እኛ ደህና ነን» አለች።

በገዛ አፏ ሌላ ሰው የተናገረ መሰላት። ሱልማ አዊልዳን አየቻት፣ አዊልዳ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። ከዚያ ሱልማ ስለ ጎረቤቷ አውራ ዶሮ፣ ሌሊቱን ስለሚጮኸው፣ ስለ ባለቤቱና ስለ ዘመዶቹ ሁሉ ማውራት ያዘች። ኔሬይዳ በሚሳቅበት ቦታ ትስቃለች፤ አንድም ነገር አልሰማችም። የልቧን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሞኝ፣ ሞኝ፣ ሞኝ ትላለች ራሷን።

ፓስተሎኑን አወጣችው። ከላይ ሲያዩት ወርቅ ነው። በቢላ አራት ማዕዘን ቆርጣ፣ ሥሩ ማንሻ አስገብታ ብድግ ስታደርገው ግን ሙዙ ወዲያ፣ ሥጋው ወዲህ፣ ዘቢቡ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛውን ሞከረች። እሱም ፈረሰ።

ሱልማ በሳቅ ፈነዳች።

«አንቺ ኔሬ! ይሄ ፓስተሎን ነው ወይስ ያ ከተማችንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ? ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ እንዲህ አልፈረሰም!»

«አንድ ዘቢብ ወደ እኔ ተሻገረ» አለች አዊልዳ፣ በሹካዋ እየገፋች።

«ዘቢቡማ ሸሽቶ ነው፣ ምስኪን፣ ነፍሱን ሊያድን!»

ኔሬይዳም ሳቀች። ስትስቅ ግን ትሪውን ነው የምታየው፤ ምን እንደጎደለ ሊገባት አልቻለም። በዕድሜዋ ስንቱን ፓስተሎን ሠርታለች፣ አንዱም ፈርሶባት አያውቅም። አዊልዳ ከፍርስራሹ በማንኪያ ሰብስባ ለዶኛ ፕሮቪ በሰሃን አደረገችና ይዛላት ገባች።

ስትመለስ ሰሃኑ እጇ ላይ የለም። ሰማያዊውን ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ሹካው ውስጡ ቆሟል።

«ኔሬ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ የማሚሽ ኮመዲኖ ላይ ነበር። የሰው ሠራሽ ጥርሷ ብርጭቆ አጠገብ።»

የተመታው እንቁላል ነበር፣ ስድስቱም።

ሱልማ ልትቀልድ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ኔሬይዳ ሳህኑን አየችው፣ አንሶላውን አስታወሰች፣ ሹካውን አስታወሰች።

«ጠርታኝ ነበር» አለች። «ጠርታኝ... ረሳሁት እንጂ እኛ ደህ...»

ቃሉ አልወጣም። ሳህኑን ከአዊልዳ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «ሐሙስ ፖንሴ መሄድ አለብኝ። እዚህ ጋ እብጠት አለብኝ፤ ሁለቴ ቀረሁ፤ ሦስተኛ ከቀረሁ አራት ወር ነው። ማሚን የሚጠብቅልኝ የለም። ጠብቁልኝ። እባካችሁ፣ ጠብቁልኝ።»

የተለማመደቻት ዓረፍተ ነገር የትም አልተገኘችም፤ የወጣው ሁሉ የተመሰቃቀለ ነበር። ሱልማ ፊቷ ቀላ።

«እብጠት?» አለች። «እብጠት ይዘሽ ነው ሙዝ በሰለብኝ ያልሽን? አምና እግርሽ ሥር ወድቄ አልለመንኩሽም? እኔን ሰው አላደረግሽኝም እንዴ? በንዴት ልሞት ነው እኮ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ከዚያ እንባዋ ድንገት መጣባትና በናፕኪን በቁጣ ጠራረገችው። «ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሕዝብ መኪና...»

«የምን የሕዝብ መኪና?» አለች አዊልዳ። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሟት ያን ቀን ነው። «እኔ ነኝ የምነዳው። ውስጥ ድረስም አብሬሽ እገባለሁ።»

«አንቺ ሥራ አለሽ...»

«ዝም በይ» አለች ሱልማ። «እኔ እዚህ አድራለሁ፣ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ። ምን ትበላለች? መድኃኒቷ የትኛው ነው? ስትቆጣ ምን ይበርድላታል?»

«ባርኪኝ በያት» አለች ኔሬይዳ። «ስትቆጣ ባርኪኝ ስትያት ይበርድላታል።»

ሱልማ ራሷን ነቀነቀች። አዊልዳ ግን ተነሥታ ሳህኑን አሸተተች፣ እንቁላሉን በሹካው እንደገና መታችው፣ ትሪው ላይ የቀረውንም የፈረሰውንም አንድ ላይ ሰብስባ አደላደለችና ከላይ አፈሰሰችበት። እንቁላሉ በየስንጥቁ እየገባ ወረደ። ኦቭኑን ከፍታ መለሰችው።

«ሃያ ደቂቃ» አለች።

«ዘቢቡ ተቀላቀለ እኮ» አለች ኔሬይዳ፣ ልትነሣ እያለች። «አንቺ አትበይውም።»

«እበላዋለሁ። ተቀመጪ።»

ሱልማ የኔሬይዳን እግሮች አንሥታ ሌላው ወንበር ላይ አጋደመችላት፤ ጫማዋንም አወለቀችላት። ኔሬይዳ በዚያ ሁሉ ዓመት ከእናቷ በቀር እግሯን ያስነካችው ሰው የለም፤ አሁን ግን እንቢ የምትልበት አቅም አጣች። ወለሉ ላይ የተደረደሩት ድስቶች ዙሪያዋን እንደከበቧት፣ የእንቁላሉ ሽታ ከሙዙ ጋር መጣ። ራሷ ወደ ደረቷ ዘመም አለ።

«ኔሬ!» የሚል ድምፅ ከክፍሉ መጣ። «ኔሬ! ኔሬ!»

ኔሬይዳ ዓይኗን ሳትከፍት ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ብድግ ልትል ተንቀሳቀሰች። ሱልማ ግን ቀድማት ኮሪደሩ ውስጥ ነበረች፤ ወለሉ ከሥሯ ያቃስታል።

«አንቺ ማነሽ?» ስትል ተሰማች አሮጊቷ። «ኔሬን ነው የጠራሁት።»

«አውቃለሁ፣ ዶኛ ፕሮቪ» አለች ሱልማ። «ኔሬ ተቀምጣለች።»