ሃያ ሜትር

ንግሥቴ እጇን እስከ ትከሻዋ ካነሣች በኋላ፣ ነጠላዋን እንደሚያስተካክል ሰው አድርጋ መልሳ አወረደችው። ሰብሳቢው አቶ ክንፈሚካኤል አላዩዋትም። ከፊት ረድፍ የተነሣ አንድ ገበሬ ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ ባሕር ዛፍ የገበሬ ባንክ መሆኑን ከእሱ በፊት የተናገሩት ሰዎች እንዳሉት እሱም ደገመው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከየቀበሌው ወደ ቡሬ የተጠሩት ስለ አንድ ረቂቅ መመሪያ አስተያየት እንዲሰጡ ነበር። ጠዋት ከተነበበላቸው ሁሉ በሰው ልብ ውስጥ የቀረው አንድ አንቀጽ ነው፤ ከሌላ ሰው ማሳ ሃያ ሜትር ሳይርቅ የተተከለ ባሕር ዛፍ በስድስት ወር ውስጥ ከነጉቶው ይነሣል የሚለው። ሰብሳቢው ጉዳዩ ገና ያላለቀለት መሆኑን፣ የሚደግፍም የሚቃወምም እንዲናገር ደጋግመው ነግረዋል። እስካሁን የተናገረው ሁሉ ግን ተቃዋሚ ነው።

ከንግሥቴ ጎን የተቀመጡት አቶ ታከለ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጣሉ። ጠዋት በአንድ ባጃጅ ነው የመጡት። እሳቸው ቀድመው ገብተው ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ በትራቸውን አኑረው ነበር የጠበቋት። አበልጅ ናቸው፤ ልጇን ዘሚካኤልን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ባሏ በሞተ ጊዜም ማንም ሳይጠይቃቸው በሬዎቻቸውን ጠምደው ሁለት ክረምት አርሰውላታል። ከምርቱ እንዲወስዱ ብትለምናቸው፣ የክርስትና ልጃቸውን ምግብ ከአፉ እንደማይነጥቁ ነግረዋት ተቆጥተው ሄዱ።

በዚያው ማሳ ድንበር ላይ ባሕር ዛፉን የተከሉት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከጉልበት በታች ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። አሁን ከቤቷ ጣሪያ ከፍ ብሏል። የንግሥቴ በርበሬ በዛፎቹ በኩል ካለው ጫፍ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ መጥቶ፣ አምና የማሳው እኩሌታ ዛላ ሳይቋጥር ቀረ። ዘሚካኤል ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የሚማረው በዚያ በርበሬ ነው። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ጠርታ ታመጣዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አበልጅ አይከሰስም፤ በአበልጅ ላይ ሽማግሌ አይላክም።

ለምሳ ሲወጡ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ወጣት ባለሙያ ሕሊና ግድግዳው ጥላ ሥር መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"እትዬ፣ እጅዎን አንሥተው ነበር መሰለኝ።"

"ነጠላዬ ወድቆ ነው።"

"ነጠላዎ ያለው በግራ በኩል ነበር" አለች ሕሊና ፈገግ ብላ። ከዚያም ፊቷ ተለወጠ። ከሰዓት በኋላም አንድ ደጋፊ ካልተገኘ፣ ሕዝቡ አንቀጹ ከረቂቁ እንዲሰረዝ ጠይቋል ብላ ከመጻፍ ሌላ ምንም ማድረግ እንደማትችል ነገረቻት። መናገር የከበደው ሰው ጽፎ በር ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ መክተት ይችላል፤ ስም መጻፍም ግዴታ አይደለም። ከፈለገች እሷው ትጽፍላታለች።

ንግሥቴ የተዘረጋላትን ባዶ ወረቀት ተቀበለቻት። ለስላሳ ነበር። እዚህ ላይ ቢጻፍ ማንም አያውቅም፤ አቶ ታከለም አያውቁም። ማታ በአንድ ባጃጅ ይመለሳሉ፤ ልጁ እንዴት እንደሆነ ይጠይቋታል፣ እሷም ትመልሳለች። ከስድስት ወር በኋላ ዛፉ ሲቆረጥ እያየች፣ "አይ ያበልጄ ነገር" ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ወረቀቱን መለሰችላት።

"አዝነሽልኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ስም የሌለው ወረቀት እኛ ሰፈር ሐሜት ነው የሚባለው።"

አቶ ታከለ ምሳቸውን በልተው ቧንቧው ዘንድ እጃቸውን ይታጠባሉ። ስትመጣ ሲያዩዋት ቧንቧውን ሳይዘጉ ቦታ ለቀቁላት።

"ምነው አበልጄ፣ ዛሬ ምሳም አልቀመሱም። ወጡ አልጣመዎትም? የመንግሥት ወጥ እኮ ነው፣ ስብሰባው እስኪያልቅ አይጥምም።"

አልሳቀችም። "ከሰዓት በኋላ እናገራለሁ" አለች። "ስለ አንቀጹ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።"

አቶ ታከለ ቧንቧውን ቀስ ብለው ዘጉት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ። ዛፉ ለምን እንደተተከለ ታውቃለች፤ ልጃቸው ምስክር ጎጆ ሲወጣ ለቤቱ ማቆሚያ ነው። ገና ቀጭን ነው፤ ዛሬ ቢቆረጥ ለማገር እንጂ ለቋሚ አይሆንም።

"በሬዎቼን ይዤ ስመጣ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሃያ ሜትር የሚባል ነገር አልነበረም።"

"አልነበረም። ዛፉም አልነበረም።"

አቶ ታከለ ወደ አዳራሹ ሄዱ። እሷ እዚያው ቆማ ፊቷን ታጠበች። 

ስትገባ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። አቶ ታከለ ጠዋት የነበሩበት ወንበር ላይ ናቸው። በትራቸውም ከአጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ተጋድሟል። ቦታ ይዘውላት ይሁን እንዳትቀመጥ ከልክለዋት፣ ከፊታቸው ማወቅ አልቻለችም፤ ወደ መድረኩ ነው የሚያዩት። ከኋላ፣ ሴቶቹ ዘንድ፣ ባዶ ወንበር ነበር። ጥቂት ቆመች። ከዚያ በትሩን አነሣችና ተቀመጠች፤ በትሩንም ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

ሰብሳቢው ተጨማሪ አስተያየት ከሌለ አንቀጹ ይሰረዝ የሚለው ሐሳብ እንደሚያዝ ተናገሩ። ንግሥቴ እጇን አወጣች። ማይክራፎኑ እስኪደርሳት ድረስ አላወረደችውም።

"ንግሥቴ እባላለሁ" አለች። ድምጿ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰላት። "አንቀጹ አይሰረዝ እላለሁ። የምናገረው ስለ ራሴ ማሳ ነው። ድንበሩ ላይ ያለው ዛፍ የአበልጄ ነው፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጠዋል። በርበሬዬን አድርቆብኛል።"

አንዳንዱ ዞሮ አየ። ከኋላ አንዲት ሴት በለሆሳስ "ወይ ጉድ" አለች። አቶ ታከለ አልተንቀሳቀሱም።

"ስድስት ወሩ ግን ያንሳል። የተከለ ሰው ለቁም ነገር ነው የተከለው።" ያሰበችው እዚህ ድረስ ነበር። ሰብሳቢው ስንት ጊዜ ቢሰጥ ጥሩ እንደሚሆን ጠየቋት። የዘሚካኤል ፊት መጣባት፤ የኮሌጁ ቀሪ ጊዜም። አንድ ዓመት ማለት ትችል ነበር፤ ማንም ትንሽ ነው አይላትም።

በጉልበቷ ላይ ያለውን በትር ያዝ አደረገችው።

"ሁለት ክረምት" አለች።

ሕሊና ጻፈችው። አቶ ታከለ ከምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።