አሥራ አራተኛው መስመር

«ዲግሪ የሌለውን በር ላይ ነው የሚመልሱት» አለ ባለሱቁ ሁዘይፋ። ሲለው አራተኛ ቀኑ ነው፤ ስኳር ሲመዝንም ይለዋል፣ ሳሙና ሲያወርድም ይለዋል። «አዲስ የተከፈተው የሶፍትዌር ድርጅት ቀልድ አያውቅም። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ያየው ሰው ስም የለውም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው ኬኔ፣ ከሱቁ ጥግ ካለችው የሞባይል ጥገና ጠረጴዛዋ ቀና ሳትል። «በር ላይ ከመለሱኝ በመስኮት እገባለሁ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቶ ነበር። የኮሌጅ ደጃፍ ሳትረግጥ፣ በስልኳ ቪዲዮ እያየች ኮድ የተማረች ልጅ ናት። ለአንድ ቦታ ሰባት ሰው ለፈተና ተጠርቷል። ይህ ካመለጣት የሰው ስልክ መስታወት ስትቀይር ልታረጅ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ ሄደች። በር ላይ የመለሳት የለም። ከጎኗ የተቀመጠችው የሺአረግ የምትባል፣ ከጊዳ አያና ወረዳ የመጣች ልጅ ናት፤ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዛለች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» አለቻት ኬኔ። «ደብተሩ የመዝሙር ነው?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። እኔ ስዘምር ሰው ይወጣል» አለች የሺአረግ።

ፈታኙ ሕሩይ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። መናኸሪያ የተሰለፉ ሚኒባሶችን በየተራቸው የሚያስወጣ ፕሮግራም እንዲጽፉ አዘዛቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ፤ በኮምፒውተሮቹ ላይ የተጻፈው ሁሉ ጠፋ።

«የፈለገ በወረቀት ይጨርስ፣ ሌላው ሰኞ ይመለስ» አለ ሕሩይ።

አምስቱ ወጡ። ኬኔም ቦርሳዋን አነሣች፤ እግሯ ግን አልሄደም። የሺአረግ ደብተሯን ገልጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አንዲት ቃል ሳትሰርዝ ትጽፋለች። ስትጨርስ ሕሩይ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሁለት መኪና እኩል ቢገባስ?»

ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች፣ ቁጥሮቹን በቃሏ እያሰላች የሚወጣውን ውጤት ነገረችው። ሌላ ጠየቃት፤ ያንንም ነገረችው።

«ሳይሠራ በምን አወቅሽ?»

«የተማርኩት ቀዬአችን መብራት ከጠፋ በኋላ ነው፣ ጋሼ። መጽሐፍ ነበረኝ፣ ማሽን አልነበረኝም። ስለዚህ ማሽኑ እኔ ነበርኩ።»

ሕሩይ የውጤት ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ።

ኬኔ የሰው ሥራ ማድነቅ አይሆንላትም ነበር። አሁን ግን በልጅቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ስታነብ ቅናቷ እንኳ ዝም አለ። ጥርት ያለ፣ አንድ ትርፍ ቃል የሌለበት ሥራ ነው። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላም ፕሮግራሙ ተረኛ ይጠራል፤ የሌለ መኪና ይጠራል።

ዝም ብትል ሰኞ መጥታ ቦታውን መውሰድ ትችላለች። ይህን አሳምራ አሰበችበት። እንዲህ ያለ ሥራ በአንዲት ጉድፍ ሲበላሽ ቆሞ ማየት ግን አልሆነላትም።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ አሥራ አራተኛዋን ደግመሽ እያት። ሰልፉ ባዶ ሲሆንስ?»

የሺአረግ አየችውና አንድ መስመር ጨመረች። «ገለቶሚ፣ እህቴ» ብላ አመሰገነቻት።

ሰኞ ኬኔ ተፈተነች፣ ሁለተኛ ወጣች። ቦታው የየሺአረግ ሆነ።

«መጠገን የነበረበት የኔ ምላስ ነው» እያለች ሰነበተች። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛዋን በጊዜ ዘግታ የሺአረግ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሁለቱ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ፣ እርሳስ ይዘው፣ ኮድ በደብተር ይጽፋሉ። በዓመቱ ድርጅቱ ሌላ ሰው ሲፈልግ ኬኔ አንደኛ ወጥታ ገባች። ወንበሯም ከየሺአረግ ጎን ሆነ።

ሕሩይ ሲዛወር በሽኝቱ ምሳ ላይ ጠጋ ብላ ጠየቀችው። «ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ፣ ቦታው የኔ ይሆን ነበር?»

«የቱን ቀን?» አለ ሕሩይ። ሲገባው ሣቀ። «ለየሺአረግ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ የፈረምኩት አንቺ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ነው። አሥራ አራተኛውን መስመርማ ገና አላነበብኩትም ነበር።»