በቢላዋ የገባው በሽታ

ዘርፈሽ በአጥሩ በር ልታልፍ ስትል አቶ ይፍሩ መንገዱን በሰውነታቸው ዘጉባት።

«እዚያው ቁሚ።»

የእናቷ ወንድም ናቸው። ከአራት ወር በፊት በዚሁ በር እጇን ይዘው አስገብተዋት ነበር።

ጊዜው 2009 ነው። ዘርፈሽ አርባ ምንጭ ኬሚስትሪ ለማስተርስ ትማር ነበር። የእንሰት ግንድ ቅርፊት አየር በማይገባው እቶን አክስላ ጥቁር ዱቄት ታወጣለች። ናኖ የሚሏቸው በዓይን የማይታዩ የዱቄቱ ቀዳዳዎች የኤሌክትሪክ ኃይል ይይዛሉ። ለዚህ ብላ አጎቷ ከሚኖሩባት ገረሴ፣ ከስምንት ቤት ጓሮ ቅርፊት ቆርጣ ወስዳለች።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እዪዋ!» ወደ ጓሮው ጠቆሙ። የሰባት ዓመት እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። «አጠውልግ ነው። የገባው አንቺ በቆረጥሽባቸው ቤቶች ብቻ ነው።»

«በሽታው ድሮም አለ። ጃርትም ያመጣዋል። ለምን በእኔ ያሳብባሉ?»

ሚስታቸው እትዬ ልክነሽ ከቤት ወጡ። «እኛ እንራባለን፣ አንቺ ዲግሪ ትጭኛለሽ» አሏት።

ዘርፈሽ ከቦርሳዋ ሳንቲም የምታክል የኃይል ማከማቻ አውጥታ ትንሽ አምፖል አበራችባት። «ከእናንተው እንሰት የተሠራች ናት…» ብላ ሳትጨርስ ልክነሽ ነጥቀው ጭቃው ላይ ወረወሯት።

«መጀመሪያ የቆረጥሽው ከማን ጓሮ ነበር?» አሉ ይፍሩ።

«ከጎረቤታችሁ ከወልደሥላሴ።»

«እዚያ ቢጫ ቅጠል አላየሽም?»

አይታለች። የቸኮለች ቀን ስለነበር ችላ ብላው ነበር። «አላየሁም» ልትል አሰበችና የተንጠለጠለውን ቅጠል አየች።

«አይቻለሁ። ቢላዋውን በሳር ጠርጌ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። እሳት አላስነካሁትም።»

በሽታው እንዳይተላለፍ ቢላዋ በእሳት ማሳለፍን ከልጅነቷ ታውቃለች። ልክነሽ ማልቀስ ጀመሩ።

«ይህን ለእኔ ብቻ ነግረሽ አትሄጂም» አሏት ይፍሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስምንቱ አባወራዎች ፊት ቆማ ተናገረች። አንዱ እግሯ ሥር ተፋ። የታመመውን ሁሉ ነቅላ እንድትቀብር ፈረዱባት። አምስት ቅዳሜ ከአርባ ምንጭ እየወጣች ቆፈረች። ልክነሽ ውሃ እንኳ አልሰጧትም፤ ቂጣዋን መንገድ ዳር ተቀምጣ በላች።

በመመረቂያ ጽሑፏ ላይ በሽታውን እንዴት እንዳዛመተች አንድ ገጽ ጻፈች።

«ይሄ ኬሚስትሪ አይደለም፤ አውጪው» አላት አማካሪዋ።

«እሱ ከወጣ ጽሑፉን አላስገባም።»

ሁለት ሳምንት አላናገራትም። በመጨረሻ ሳያያት ፈረመላት።

በምርቃቷ ቀን ከገረሴ የመጣ ሰው አልነበረም። ይፍሩ ባዶው ጓሮ ላይ ገብስ ዘሩ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ገበያ ድንገት ሲያገኟት ዛሬም መንገድ ይቀይራሉ።