ኮላ የያዘው ሲሶ

ጋሽ ጠመኔ ያቺን ዓርብ ባስታወሰ ቁጥር ጆሮው ይግላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የሰማ ቀን ተቆጥቶ፣ በሳምንቱ ወዶታል። ደግሞም ልክ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ ሲያስተምር ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም። ለአራተኛ ክፍል ክፍልፋይን የሚያስተምረው በመፈክር ነበር። «ታህት ሲያድግ?» ይላል፤ ስልሳ ልጆች «ክፍልፋይ ያንሳል!» ብለው ጣሪያውን ያናጉታል። ጩኸቱ ደህና ከሆነ ትምህርቱም ደህና ነው ብሎ ያምናል፤ እንዲህ የሚያምን መምህር ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ሚጢጢ» የሚሏት ቁመተ አጭሯ የአናጢ ልጅ ግን ነገሩ አልገባትም። ከሌሎቹ ጋር እኩል ትጮሃለች፤ ብቻዋን ስትጠየቅ ግን ሩብ ከሲሶ ይበልጣል ትላለች። ለምን ሲሏት፣ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ። ጋሽ ጠመኔ አሥራ አንድ ጊዜ አስረዳት። በአሥራ ሁለተኛው ትዕግሥቱ አለቀና «አንቺ ልጅ እንጨት ነሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

በማግስቱ አባቷ ከረጢት ተሸክሞ መጣ።

«መምህር፣ ልጄን እንጨት ናት ብለዋታል አሉ» አለ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ሂሳብ አላውቅም፤ እንጨት ግን አውቃለሁ።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ስድስት እኩል የጣውላ ክቦች ነበሩ፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌሎቹ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስትና ለስምንት የተቆረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ለስልሷል። ጋሽ ጠመኔ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ሰውየው ሲወጣ «መጫወቻ!» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊከተው ነበር፤ ልጆቹ ቀደሙት። በራሳቸው ጊዜ ጨዋታ ፈጠሩ። ሳያዩ ከከረጢቱ ቁራጭ ያወጣሉ፤ ክቡን ሳይተርፍ ሳይጎድል ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። በሁለተኛው ሳምንት ሚጢጢ ሩቡን ሲሶው ላይ ደርባ፣ ከሥር ብቅ ያለውን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ውይ! ለብዙ ሰው ሲካፈል እኮ ድርሻው ያንሳል!» አለች። ከዚያ ወዲያ የሚያሸንፋት ጠፋ። ጋሽ ጠመኔ ራሱ ልጆቹ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጫወት ጀመር። አንድ ቀን ግማሽ፣ ሲሶና ስድስተኛ ክቡን ግጥም አድርገው ሞሉት። ስንት ሺህ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የደመረው ነገር በመዳፉ ሥር ልክ ሲገባ፣ ብቻውን ሳቀ።

ነገሩ የተበላሸው ሱፐርቪዥን ይመጣል ሲባል ነው።

«ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ለአሠልጣኝነት ይመረጣል» አለ ዳይሬክተሩ። «የአንተ መርጃ መሣሪያ ዓይን ይገባል። ብቻ እንደዚህ በየዴስኩ ተበታትኖ እንዳያዩት።»

እውነትም ቁራጮቹ ይበታተኑ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ስድስተኛ ጠፍቶ ከአንድ ልጅ ኪስ ተገኝቷል። ስለዚህ ጋሽ ጠመኔ ሐሙስ ከሰዓት አንድ ጣሳ ኮላ ገዛ። ሰፊ ሰሌዳ ሰማያዊ ቀለም ቀባና ክቦቹን ሁሉ በተርታ አጣበቀበት። ከሥራቸው በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «ግማሽ»፣ «ሲሶ»፣ «ሩብ» እያለ ጻፈ። ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው በገዛ ሥራው ልቡ ሞቀ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚወርደው?» አለች ሚጢጢ በማግስቱ ጠዋት።

«አይነካም! በዓይናችሁ ብቻ!»

በዚያው ዓርብ፣ ረፋዱ ላይ ሦስት እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ የወላጅ ተሳትፎ ለማሳየት አናጢውንም ጠርቶት ነበር። የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሱፐርቫይዘር ሰሌዳውን አድንቃ ስታበቃ ወደ ልጆቹ ዞረች፤ ጣቷ ፊት የተቀመጠችው ሚጢጢ ላይ አረፈ።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ። ከሲሶና ከሩብ የቱ ይበልጣል? አሳዪኝ።»

ሚጢጢ እየሳቀች ወጣች። ልታደርግ ያሰበችው ለጋሽ ጠመኔ ግልጽ ነበር፤ ሩቡን አንስታ ሲሶው ላይ ልትደርበው። ያዘችው። አልመጣም። ጥፍሯን ከሥሩ ልታስገባ ታገለች፤ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተንቀጫቀጨ። ግራ ገብቷት ዞራ አየችው። «ጋሼ፣ ተጣብ...» ብላ ስትጀምር ዓይኑን አፈጠጠባት።

እጇ ወረደ።

«አላውቅም» አለች።

«ገና አልገባትም ማለት ነው?» ስትል ሱፐርቫይዘሯ ጠየቀችው።

ይህን ጊዜ «እኔ አጣብቄባት ነው» ማለት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ይህቺ እንኳ ትንሽ ደከም ትላለች» አለ። አባቷ እዚያው ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ሲያይ ጋሽ ጠመኔ አየው፤ አይቶም ፊቱን ወደ እንግዶቹ መለሰ። ሰሌዳው ፎቶ ተነሣ። እሱም ተመረጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አናጢው በር ላይ ጠበቀው።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉን። በሰው ፊት አሳፈረችዎት። ስትጫወትበት የገባት መስሎኝ ነበር። ደካማ ከሆነች ዓመቱን ትድገመው፤ እርስዎ ያሉትን እኔ አላፈርስም። ሰኞ መጥቼ እፈርማለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የበደለው ሰው ይቅርታ እየለመነው፣ ከአፉ የወጣው «ኧረ ችግር የለም» የሚል ብቻ ነበር። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ስለ መመረጡ ሰምታ «እንኳን ደስ ያለህ!» ብላ ተቀበለችው። እራት አልበላም፤ አሞኛል ብሎ ተኛ። አላመመውም። አፍሮ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ አናጢው ቤት ሄደ። ሰውየው በር እየላገ ነበር፤ መላጊያውን አስቀምጦ ለእንግዳው ወንበር በእጅጌው ጠረገ።

«አልቀመጥም» አለ ጋሽ ጠመኔ። «ልጅዎ ታውቃለች። ከማንም በላይ ታውቃለች። ቁራጮቹን በኮላ ያጣበቅኳቸው እኔ ነኝ። ልትናገር ስትል ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ደካማ ናት ያልኩትም ውሸት ነው።»

አናጢው ሰሌዳውን ተቀብሎ ሲሶውን በአውራ ጣቱ ገፋው። በቢላ ሲሞክረው እንጨቱ ተሰነጠቀ።

«እኔ እኮ ያለሰለስኩት በእጅ እንዲያዝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ሰሌዳውን አስቀምጦ፣ «መምህር፣ ትናንት ልጄን ያልተናገርኳት ነገር የለም» አለ።

«ሰኞ ለዳይሬክተሩም እነግረዋለሁ። አሠልጣኝነቱም ይቅርብኝ።»

«እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው።»

አናጢው ከተራፊ ጣውላ አዲስ ሲሶና አዲስ ሩብ ቆረጠ፤ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ለጋሽ ጠመኔ ሰጠው። ከዚያ ልጁን ከጓሮ ጠራት። መጥታ አባቷ ኋላ ቆመች።

«እርስዎ ይጠይቋት» አለ።

ጋሽ ጠመኔ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከና ቁራጮቹን በሁለት እጆቿ አስያዛት።

«ሚጢጢ፣ የትናንቱ ጥፋት የእኔ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እስቲ አሁን ንገሪኝ፤ የቱ ይበልጣል?»

ቁራጮቹን አላየቻቸውም። አልደረበቻቸውም፤ ጠርዛቸውንም አልዳሰሰችም። የምታየው ዓይን ዓይኑን ነበር፤ እንዳይቆጣ የትኛውን ማለት እንዳለባት ከፊቱ ላይ ልታነብ።

«ጋሼ» አለችው፣ «የቱን ልበል?»